ሦስት ቅጂ

ደብረ ብርሃን፣ ፍርድ ቤቱ በር፣ ከግንቡ አጥር ሥር፣
ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ አንዱን ገጽ በአሥር ብር።
ነፋሱ ቀማኛ ነው፤ ድንጋይ ካልጫኑበት
የሰውን አቤቱታ ጠባሴ ነው የሚያገኙት።

ሻለቃ ወልደየስ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤
ካፖርታቸውን እስካንገት ቆልፈው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ።
ለራሳቸው መጥተው አያውቁም።
ላሥር አለቃ ሙሉሸዋ ነው፣ እግሩን ፈንጂ ለበላው፣
ሰው ሠራሹ እግር ጠብቦ ጉልበቱን ላቆሰለው፤
ወይ ለገብረ ጻድቅ ጡረታ፣
ባንዲት ፊደል ስሕተት ሰባት ዓመት ሙሉ ለተንገላታ፤
አንዴም ለሞተ ሰው፣ ሲቀበር ጥይት እንዲተኮስ እንዲፈቀድ፤
«የየትኛው መንግሥት ጦር?» ቢሏቸው፣ «ጉድጓዱ አንድ፣ ሟቹ አንድ።»

ሰማያዊ ደብተር አላቸው፦ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣
የማን ሳል እንደ ጠና፣
ማን በእንቅልፉ «ተኩስ!» እያለ ሌሊት እንደሚያለቅስ።

ሲያጽፉኝ እንደ ትእዛዝ ነው፤ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ አይልም፤
«እለምናለሁ አትበል፣ እጠይቃለሁ በል፤ ወታደር አይለምንም።»
አራት ነጥብ ብረሳ
«ዘብ የሌለው መስመር!» ይሉኛል፣ ጣታቸው እየተነሣ።

በነሐሴ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጉም ከተማውን ውጦት፣
ከታይፕ መኪናዬ ላይ ላስቲኩን ሳላነሣለት፣
መጡ። ካፖርታቸውን ፈቱ። መልሰው ቆለፉ። ፈቱ።
እነዚያ ጣቶች ቁልፍ ስተው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ሳቱ።

«ጻፍ። አመልካች፦ ሻለቃ ወልደየስ አጥናፉ።
ጉዳዩ፦»
ቆሙ። ጣቶቼ ከፊደሎቹ በላይ ተንሳፈፉ።

«ጉዳዩ አንድ ቃል ነው፤ በስም መጥሪያ መዝገብ
በገዛ እጄ የጻፍሁት፣ ካንድ ልጅ ስም አጠገብ።
ጥላዬ ወንድይፍራው ይባላል፤ የግሼ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
መልእክት አስይዤ ላክሁት፤ ድቅድቅ ያለ ነው ሌሊቱ።
አልተመለሰም። ሲነጋ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ስም ተጠራ፤
የት አለ? ሲለኝ ብዕሬ ቀደመኝ፤ ከዳ ብዬ ጻፍሁ፣ ለራሴ ስፈራ።
በሁለት ወሩ ሸለቆ ውስጥ አገኘነው፤
መልእክቴ ካልሲው ውስጥ ነበር፤ ፊቱም ወደ ላክሁት ነው።
መዝገቡ ግን ወደ በላይ አልፏል፤ እኔም ሻምበል ሆኛለሁ፤
ነገ አቃናዋለሁ፣ አልሁ።
ነገ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው»

አራት ነጥብ ረሳሁ። አላረሙኝም።

ካርቦን አስገብቼ መታሁ፣ ሦስት ቅጂ፤
ብር አልቀበልም ብል፣ አሥሯን ከድንጋዩ ሥር ሸጎጧት እንጂ
አልሰሙኝም።

መልሱ በጥር ደረሰ፣ ክብ ማኅተም ያለበት፦
«የተጠቀሰው መዝገብ በማኅደር ክፍላችን አልተገኘም።»
አጠፉት። «መዝገቡ ጠፋ፤ ቃሉ ግን ግሼ አለ፣ አልጠፋም።
እህት አለችው፤ የከጂ እህት ተብላ
ደጇን የረገጠ ሽማግሌ የለም።»

ሦስተኛውን ቅጂ በደረት ኪሳቸው ይዘው ወጡ፤
እስከ መሐል ሜዳ ባውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር፣
ውርጭ ያነጣውን የገብስ ማሳ እያቋረጡ።

አሰገደችን ለባና የሚሆን ጠጉር ስታባዝት አገኟት።
ቁጭ በሉ ብትል እምቢ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣
እንደ ቆሙ አነበቡላት።
አላለቀሰችም። አልተራገመችም።
ጠጉሩን ከጭኗ አራገፈችና
«ያን ለት ማታ» አለች፣ «እራት በልቶ ነበር?»

«ኮቾሮ» አሏት፤ «አንዲቱን ለሁለት ገመስናት፤
ትልቁን ግማሽ ለእሱ ሰጠሁት።»
ወረቀቱን ተቀበለች፤ ገልብጣ ያዘችው፤
«ስሙ የትኛው ነው?» ብትል
ጣቷን ይዘው ስሙ ላይ አኖሩት።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ፣
ያንዲት መበለት ጉዳይ ሊያጽፉ መጥተው።
«ትልቁን ግማሽ ለእሱ?» አልኋቸው።
ነፋሱ የወረቀቱን ጫፍ አነሣው።
ድንጋዩን በገዛ እጃቸው መልሰው ጫኑበት።
«አራት ነጥብ አድርግበት» አሉኝ። «ቀጥል።»